አውራ ጣታቸውን የነፈጉ ምዕመናን

ማርች 12 ቀን 1970 የምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አምስተኛ ጠቅላላ ጉባኤዋን ናይሮቢ ላይ አካሂዳ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ንግግር እንዲያደርግ የተጠራው ጄምስ ንጉጊ በሚል ስም ሦስት ልብ ወለዶች ያሳተመ የ32 ዓመት ደራሲ ነው። ገና ከመነሻው የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ክርስቲያንም እንዳልሆነ ነገራቸው። ንግግሩ ሲያበቃ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን እየነቀነቁ ተነሡ። ይህ ሰው ይዋሻል፤ ክርስቲያን ካልሆነ ታዲያ ጄምስ የሚባለው ለምንድን ነው፣ ነበር ክርክራቸው። ነገሩ ውስጡ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጄምስን ትቶ ዓለም የሚያውቀው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ሆነ።

አዛውንቱ የተቆጡት ክርስቲያን አይደለሁም ባለ ሰው ላይ ነው። እኔ የማነሣቸው ሰዎች የእሱ ተገላቢጦሽ ናቸው። ክርስቲያን ነኝ ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምረው ግን አንዱን ወይም ብዙውን መቀበል አቅቷቸዋል። ጾሙን ይጾማሉ፣ ማዕተባቸውን አልበጠሱም፣ ልጃቸውን በአርባና በሰማንያ ቀኑ ያስጠምቃሉ፤ ስብከቱ መሐል ግን አሜን ለማለት አፋቸው የማይታዘዝላቸው ቦታ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው አማኙም ኢአማኙም አይወደውም። አንዱ በሁለት ቢላዋ የሚበላ ይለዋል፣ ሌላው ወኔ ያነሰው። ሁለቱም ፍርድ ችኩል ይመስለኛል። የምሥራቅ አፍሪካን የጥርጣሬ ታሪክ ከሥሩ ላየው፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተጠራጠረው ማን ክርስቲያን እንደሆነ ለመወሰን ሥልጣን የያዙትን ሰዎች ነው። ከቄሱ ተጣላ እንጂ ከታቦቱ አልተጣላም። ስለዚህም ወጥቶ አልሄደም፤ እዚያው ሆኖ ተከራከረ።

ክርክሩን በመንገድ ብንከተለው ይቀላል። ዌስትላንድስ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ያለ፣ ቀን ባንኩና የቴክኖሎጂ መሥሪያ ቤቱ፣ ማታ ጭፈራ ቤቱ የማይተኛ ሠፈር ነው። ምፓካ ሮድ አካባቢ የኢስት አፍሪካን ኤዱኬሽናል ፐብሊሸርስ ቢሮ ይገኝ ነበር። ድርጅቱ ቀድሞ ሄይነማን የሚባለው አሳታሚ የኬንያ ቅርንጫፍ ነበር፤ በሔንሪ ቻካቫ መሪነት የንጉጊን ሥራዎች፣ በ1978 እስር ቤት ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት የጻፈውን የኪኩዩኛ ልብ ወለድ ሳይቀር፣ ለአንባቢ ያበቃው እሱ ነው። የዚያ መጽሐፍ ርእስ መስቀል ላይ ስለተሰቀለ ዲያብሎስ ይናገራል። ቀደም ብሎ በ1967 ያወጣው ልብ ወለድም ርእሱን ያገኘው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ካለችው የስንዴ ቅንጣት ነው። ክርስቲያን አይደለሁም ያለው ሰው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ዕድሜ ልኩን ሲነጋገር ኖረ፤ አዛውንቱ በስሙ ባይረቱት በዚህ ሊረቱት ይችሉ ነበር።

በዋናው ጎዳና በዋያኪ ዌይ ላይ ደግሞ የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ዋና መሥሪያ ቤት አለ። በ1963 ካምፓላ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የእኛዎቹ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶና መካነ ኢየሱስም አባላት ናቸው። ጎዳናው በስሙ የተጠራለት ዋያኪ ዋ ሂንጋ ከእንግሊዝ ኩባንያ ጋር የተጣላ የኪኩዩ መሪ ነበር፤ በ1892 ታስሮ ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወሰድ መንገድ ላይ ሞተ። ዋያኪ ዌይን ይዞ ከከተማ ለሚወጣ ሰው ኪኩዩ ከተማና ቶጎቶ ሩቅ አይደሉም። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ቤቱን የሠራው ቶጎቶ ላይ ነው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ታሪክ የተፈጸመውም በእነዚህ ኮረብቶች ነው።

ሚስዮናውያኑ የሴት ልጅን ግርዛት ለብዙ ዓመታት ሲቃወሙ ቆይተው በ1929 ነገሩን አከረሩት። የቶጎቶው መሪ ዶክተር ጆን አርተር ምዕመናንም አስተማሪዎችም ግርዛትን መካዳቸውን በፊርማ እንዲያረጋግጡ ጠየቁ። መጻፍ የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ያትማል። ያላተመ ከቁርባን ይከለከላል፣ አስተማሪ ከሆነ እንጀራውን ያጣል፣ ልጁም ከሚስዮኑ ትምህርት ቤት ይባረራል። ያተሙት ከአሻራው በወጣ ስም ኪሮሬ ተባሉ፤ ያላተሙት ካሪንጋ። ሚስዮኑ ከምዕመናኑ አብዛኞቹን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጣ። ሚስዮናውያኑን የሚሳደብ ሙቲሪጉ የሚባል ዘፈን በየመንደሩ ተዛመተና መንግሥት እስከ መከልከል ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም የጠበቀ አይመስለኝም። አውራ ጣታቸውን የነፈጉት ሰዎች ወደ አያቶቻቸው እምነት ይመለሳሉ ተብሎ ነበር። እነሱ ግን መጽሐፉን ይዘው ወጡ። አዲስ ኪዳን በኪኩዩኛ የታተመው በ1926 ነው፤ ስለዚህ ጠቡ ሲነሣ ሰዎቹ ወንጌሉን በገዛ ቋንቋቸው አንብበውታል፣ ኢየሱስ ይህን የከለከለው የት ላይ ነው ብለው መጠየቅም ችለዋል። የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ጣራ ሳይኖራቸው እሑድ እሑድ ተሰብስበው ጸለዩ። የጎደላቸው ካህን ነበር። ልጅ ይወለዳል፣ የሚያጠምቅ የለም። ሚስዮኖቹ እንቢ ሲሉ ከደቡብ አፍሪካ ዳንኤል ዊልያም አሌክሳንደር የተባሉ የአፍሪካ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ አስመጡ። እሳቸው በ1935 መጥተው ወጣቶችን አስተማሩ፣ በ1937 ክህነት ሰጥተዋቸው ሄዱ። ከፊሎቹ በዚያው ኦርቶዶክስ ሆነው በ1946 የእስክንድርያው የግሪክ ፓትርያርክ ተቀበላቸው፤ በ1971 የቆጵሮሱ ማካሪዮስ ናይሮቢ ድረስ መጥተው ብዙ ሕዝብ አጥምቀዋል። ሌሎቹ ራሳቸውን የቻሉ የአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት መሠረቱ። በ2019 የኬንያ ቆጠራ ኦርቶዶክስ ነኝ ያለው ከ200,000 በላይ፣ የአፍሪካ ነጻ አብያተ ክርስቲያናት አባል ነኝ ያለው ደግሞ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። በ1929 በሚስዮኑ መዝገብ እነዚህ ሁሉ ከሃዲዎች ተብለው በተሰረዙ ነበር።

ንጉጊ ራሱ በልጅነቱ ከሚስዮን ትምህርት ቤት ወጥቶ የተማረው ማንጉኦ በሚባል የካሪንጋ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ጠብ በ1965 ባወጣው «ዘ ሪቨር ቢትዊን» ውስጥ ሙቶኒ በምትባል ልጅ ላይ አሳርፎታል። አባቷ ኢያሱ ከሚስዮናውያኑ በላይ ሚስዮናዊ የሆነ ሰባኪ ነው። ሙቶኒ ክርስትናዋን አትጠላም፤ ግን በእናቷና በአያቷ ወግ ሴት መሆን ትፈልጋለች። ከቤት ጠፍታ ትገረዛለች፣ ቁስሉ አመርቅዞ ይገድላታል። ስትሞት ኢየሱስ እንደሚታያት እየተናገረች ነው። አባቷ እንደ ሞተች የቆጠራት ገና ከቤት የወጣች ዕለት ነበር። በአፍሪካ ልብ ወለድ ውስጥ ክርስቲያን ነኝ ግን የምታስተምሩኝን አልቀበልም የሚለው ሰው እንደ ሙቶኒ ጎልቶ የወጣበትን ገጽ አላውቅም።

እዚህ ላይ ለአመፀኞቹ ማጨብጨብ ቀላል ነው። እኔ አላጨበጭብም። ግርዛቱ ልጆችን ይገድል ነበር፤ ንጉጊም ይህን ስላወቀ ሙቶኒን አላተረፋትም። ስለ ጉዳቱ ሚስዮናውያኑ ትክክል ነበሩ፤ ኬንያ ራሷ በ2011 በሕግ ከልክላዋለች። የተሳሳቱት አንድን የልጆች ጤና ጥያቄ የድኅነት መግቢያ በር ባደረጉበት ላይ ነው። አውራ ጣት ካላተምክ ክርስቲያን አይደለህም ሲሉ፣ ሰውየው ስለ ግርዛቱ ማሰቡን ትቶ ስለ ጣቱ ማሰብ ጀመረ። ጥርጣሬ ደፋር ስለሆነ ብቻ ልክ አይሆንም፤ በትእዛዝ ሲደፈጠጥ ግን ልክ ያልሆነውም ጀግና ሆኖ ይወጣል።

ከአንድ በላይ ማግባት ላይ ያለው ታሪክ በሌላ አቅጣጫ ነው የሄደው። የአንግሊካን ጳጳሳት በ1888 ለንደን ላይ ላምቤዝ በሚባለው ጉባኤያቸው ሁለትና ሦስት ሚስት ያለው ሰው እንዳይጠመቅ ወሰኑ። ሰውየው ለመጠመቅ ሲል የልጆቹን እናት ከቤት ማባረር ነበረበት። በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ያዩ ስንትና ስንት ክርስቲያኖች፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጭካኔ አይጠይቅም ብለው በልባቸው ያዙት፤ አፍ አውጥተው የተናገሩት ተገሠጹ። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1988፣ ያው ጉባኤ ሌላ ሚስት ላይጨምር ቃል ከገባና የአካባቢው ምዕመናን ከተስማሙ ሰውየው ሚስቶቹን ሳይፈታ ከነቤተሰቡ ይጠመቅ ብሎ ወሰነ። ለዚህ ሽንጣቸውን ገትረው ከተከራከሩት አንዱ የኬንያው ጳጳስ ዴቪድ ጊታሪ ናቸው። በ1890ዎቹ እንዲህ ያለ አሳብ የነበረው ምዕመን ተጠራጣሪ ነበር፤ በ1988 ጉባኤው ራሱ አለው።

እስካሁን ያየነው ሥርዓትን መጠራጠር ነው። ታሪኩን ራሱን መጠራጠርስ? እዚህም አፍሪካዊ ጥያቄ አውሮፓን ያናወጠበት ጊዜ አለ። በደቡብ አፍሪካ ናታል የአንግሊካን ጳጳስ የነበረው ጆን ዊልያም ኮለንሶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዙሉኛ ሲተረጉም የሚረዳው ዊልያም ንጊዲ የሚባል የዙሉ ሰው ነበር። የጥፋት ውኃ ጋ ሲደርሱ ንጊዲ ጠየቀ፤ ከቆላውም ከደጋውም ያለው እንስሳ ሁሉ በእርግጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንድ መርከብ ገባ? ኖኅስ ለዚያ ሁሉ ምግብ ከየት አመጣ? ኮለንሶ የሂሳብ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። እያወቀ አዎ ብሎ መዋሸት አልቻለም። በ1862 ስለ ኦሪት መጻሕፍት ያሳተመው ጥናት እንግሊዝ አገርን አተራመሰ፤ በመናፍቅነት ተከሶ ከሹመቱ ተሻረ፤ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ የሻሩት ሥልጣን አልነበራቸውም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ኮለንሶ በ1883 እስኪሞት ድረስ ጳጳስ ነኝ እንዳለ፣ መስበኩንና ለዙሉዎች መሟገቱን እንዳላቋረጠ ኖረ። ንጊዲ የጠየቀው ክርስትናውን ትቶ አይደለም፤ የሚተረጉመውን ነገር መረዳት ፈልጎ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እኛ ዘንድ ትምህርቱ ከጥንት አንድ ነው የሚለው አነጋገር ተለምዷል። ታሪኩ እንዲህ አይልም። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ይከበር ብለው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲያስተምሩ ተወግዘው አገር ጥለው ወጡ፤ አርመን አገር ሞቱ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከልክለው በየበረሃው ኖሩ። በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በጠሩት ጉባኤ ግን የተወገዘው ትምህርት የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ሆነ። ዛሬ ሁለቱን ሰንበት የሚያከብር ኦርቶዶክሳዊ የአንድ ዘመን መናፍቃንን ፈለግ ይከተላል ማለት ነው። እኚሁ ንጉሥ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም፣ ለንጉሥም አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን ደግሞ አስገረፉ፣ አካላቸውን አስቆረጡ፣ አስገደሉ። እነዚያም ክርስቲያኖች ነን አሉ እንጂ ሌላ ስም ለራሳቸው አላወጡም፤ የእነሱ የነበረው ጉንዳ ጉንዶ ዛሬ የተዋሕዶ ገዳም ነው። ሁለቱም ማኅበራት በአንድ ንጉሥ ፊት ቆሙ፤ አንዱ ሊቅ ተባለ፣ ሌላው ከሃዲ።

ስለ ጥርጣሬ ሲነሣ የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ አይቀርም (ንጉሡ አይደሉም፣ ስመ ሞክሼያቸው ፈላስፋ ናቸው)። በመጽሐፉ የምናገኘው ሰው ዋሻ ውስጥ መዝሙረ ዳዊት ይዞ የተቀመጠ፣ የእኛም የፈረንጆቹም ካህናት ሁሉም እውነቱ እኔ ጋ ነው ማለታቸው ያስገረመው የአክሱም ምሁር ነው። ኋላም እንፍራዝ ላይ በጸሐፊነት ሲኖር ለሰው ክርስቲያን መስሎ፣ በልቡ ግን በፈጣሪ ብቻ አምኖ እንደኖረ ይናገራል። መጽሐፉን በ1850ዎቹ አገኘሁት ብሎ ለአንቶዋን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ካፑቺን ሚስዮናዊ ነው፤ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጁስቶ ራሱ የጻፈው ነው አለ፣ ክሎድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ለእኔ ጉዳይ ግን ከሁለቱም ወገን የሚገኘው ያው ነው፤ አንዱ ዳዊት ደጋሚ የአክሱም ምሁር የጠረጠረ፣ ሌላው ቆብ የደፋ የሮማ መነኩሴ የጠረጠረ። ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ያለ ሰው ጻፈው ያለ የለም።

እንግዲህ ወደ ዌስትላንድስ እንመለስ። በ2019 ቆጠራ ከኬንያውያን 85 ከመቶ ያህሉ ክርስቲያን ነን ብለዋል፤ ሃይማኖት የለኝም ያለው 755,750 ሰው፣ 1.6 ከመቶ ገደማ ነው። ቆጣሪው አንድ ሣጥን ያስመርጣል እንጂ ስንቱን ታምናለህ አይልም። ሣጥኑን ሌላ ሰው የሚሞላበት ጊዜም አለ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 በዚሁ ሠፈር ዌስትጌት የገበያ ማዕከል የገቡት የአልሸባብ ታጣቂዎች ሙስሊም ነን ያሉትን የእስልምና ጸሎት እንዲደግሙ ይጠይቁ እንደነበር የተረፉት ሰዎች ተናግረዋል። 67 ሰው ተገደለ። እዚያ ቦታ ላይ ተጠራጣሪና ጽኑ ክርስቲያን ልዩነት አልነበራቸውም።

የዛሬው የኬንያ ወጣት ጥርጣሬ ኖኅንም ሥላሴንም ብዙ አይነካም። ገንዘቡንና መድረኩን ይነካል። ገንዘብ በስልክ የሚላክበትን ኤምፔሳን በ2007 የፈጠረው የሳፋሪኮም ዋና መሥሪያ ቤት በዋያኪ ዌይ ላይ ነው፤ የናይሮቢ አብያተ ክርስቲያናትም አሥራቱን የሚሰበስቡት በኤምፔሳ ነው። ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ላይ ገንዘቡ የሚላክበት የፔይቢል ቁጥር ይወጣል። አካውንት በሚለው ቦታ ላይ ሰውየው አሥራት፣ መባ፣ ሕንፃ ወይም እርዳታ ብሎ ይጽፋል። እዚያች ቦታ ላይ የሚጻፈው ቃል የእምነት መግለጫ ነው፤ አሥራት መጻፉን ትቶ እርዳታ ብቻ የሚጽፍ ሰው ወንበሩን ሳይለቅ ከመጋቢው ጋር ተከራክሯል። መጋቢው ላይሰማው ይችላል፣ ገንዘብ ያዡ ግን ያየዋል።

ኪሊፊ አውራጃ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ በ2023 የተገኙት መቃብሮች ነገሩን አባባሱት። ፖል ማኬንዚ በጾም ወደ ኢየሱስ ትሄዳላችሁ ብሎ አስርቧቸዋል የተባሉ ከ400 በላይ ሰዎች አስከሬን ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰባኪው ያለኝን ልመርምር ማለት በኬንያ እንደ ድፍረት መቆጠሩ ቀርቷል። በጁን 2024 ወጣቶቹ የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ ቁጣቸው ለቤተ ክርስቲያንም ተረፈ፤ ፖለቲከኛ በጥሬ ገንዘብ ታጅቦ መድረክ ላይ የሚወጣበት እሑድ ይብቃ አሉ። ይህን የአንግሊካኑ ሊቀ ጳጳስ ጃክሰን ኦሌ ሳፒት በሴፕቴምበር 2021 ብለውት ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሀገረ ስብከት መሪ ጳጳስ ሮዝ ኦኬኖ ቡቴሬ ላይ ሲሾሙ፣ ለበዓሉ የመጡት ትላልቅ ፖለቲከኞች አንድም ቃል ሳይናገሩ ተመለሱ። ያኔ የጳጳስ ውሳኔ ነበር፤ በ2024 ከሥር የመጣ ትእዛዝ ሆነ።

በኖቬምበር 2024 ፕሬዚዳንት ሩቶ ናይሮቢ ሶዌቶ በሚባል ሠፈር ላለ የካቶሊክ ደብር የሰጡትና ቃል የገቡት ሲደመር ከ5 ሚሊዮን ሽልንግ በላይ ነበር። ሊቀ ጳጳስ ፊሊፕ አንዮሎ በማግስቱ ገንዘቡ ይመለስ ብለው በደብዳቤ አስታወቁ። ወጣቶቹ ተደሰቱ፤ ደስታቸው ግን ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። በኬንያ ሃራምቤ በሚባለው የመዋጮ ልማድ ከባለሥልጣን ኪስ ወጥቶ ብሎኬትና ቆርቆሮ የሆነው ገንዘብ ከአንድ እሑድ ስጦታ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እሱን የሚመልስ ደብዳቤ የለም፤ ጠያቂዎቹም እሑድ የሚቀመጡት እነዚያው ግድግዳዎች ውስጥ ነው።